ያልተገራ ፍሬን

በከተማችን በኮልተር ቤይ ውስጥ ዌንደል ፕሮኮፕን የሚወድ ሰው ነበር ብል ውሸት ይሆንብኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት እንጨት መሰንጠቂያው ውስጥ ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ ትከሻው በር የሚሞላ፣ ምላሱም ከመጋዙ የማይተናነስ ሰው ነው። ደክሞህ ከተራራው ስትወርድ መንገድ ላይ ያስቆምህና «አካፋህ የት አለ?» ይልሃል። በቃ፣ ሰላምታው ይኼው ነው። ሰው በቆፈረው የብስክሌት መንገድ ላይ ሳትቆፍር የምትጋልብ ከሆነ ለእሱ ሌባ ነህ። እኔንም እዚሁ ብስክሌት መጠገኛዬ ደጃፍ፣ ደንበኞቼ ፊት፣ «ኮርት እኮ ዶማ የሚያውቀው በቴሌቪዥን ነው» ብሎኛል። ሳቁብኝ። እኔ ደግሞ ቂም ስይዝ እንዲህ በቀላሉ አልለቅም።

መቆፈሩን ግን ቆፍሯል፣ አይካድም። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በዚያ ማባሪያ በሌለው ዝናባችን፣ ብቻውን አንድ ቁልቁለት ሠራ። ሥር ነቀለ፣ ድንጋይ ተሸከመ፣ ረግረጉ ላይ ሳንቃ ረበረበ። ከቁልቁለቱ አናት ትንሽ ዝቅ ብሎ የሁለት ፎቅ ቁመት ያለው ጥቁር አለት አለ። ጋላቢው የሚወርደው በልሙጡ ፊቱ ላይ ነው፣ ከግርጌው መንገዱ ወዲያው ወደ ግራ ይታጠፋል። ካልታጠፍክ የሚቀበልህ የዛፍ ግንድ ነው።

እኛ ዘንድ ታዲያ ለመንገዱ ስም የሚያወጣለት የቆፈረው ሰው አይደለም። እግሩን መሬት ሳያስነካ ከላይ እስከ ታች የወረደ የመጀመሪያው ሰው ነው። አስቸጋሪው ቦታ ላይ ሁለት ምስክር ይቆማል፣ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ። እግር ከነካ «እግር!» ብሎ ይጮኻል፣ አለቀ። ማን እንደጀመረው አላውቅም፣ ግን በዚህ ነገር ወንድማማቾች እስከ ዛሬ ተኳርፈው ቀርተዋል።

ዌንደል ስሙን አስቀድሞ መርጦ ነበር። ሚስቱ ዶሪን ስድሳ ዓመት የሞላት ቀን፣ ቢራውን ብድግ አድርጎ «ያ ቁልቁለት ዶሪን ይባላል!» አለ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት። ዶሪን «ሠላሳ ዓመት አንዲት አበባ ገዝቶልኝ የማያውቅ ሰውዬ፣ ይኸው ጭቃ ሰጠኝ» ብላ አሳቀችን። ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር፣ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ያገኛት ሁሉ «ዶሪን፣ መቼ ነው የምንወርድብሽ?» ሲላት በያዘችው ነገር ትማታለች።

ችግሩ የዌንደል ብስክሌት ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ያገለገለ፣ ከኋላ አሞርዛተር የሚባል ነገር ያልፈጠረበት አሮጌ ነው። በእሱ ሦስቴ አለቱ አናት ላይ ወጣ፣ ሦስቴም ብስክሌቱን እየገፋ ተመለሰ። በመጨረሻ እኔ ዘንድ መጥቶ፣ ከፊትም ከኋላም አሞርዛተሩ ረጅም የሆነውን፣ ድንጋይ ሲመታ ስንዝር የሚያህል የሚሰምጠውን አዲስ ብስክሌት አዘዘ።

ዝናቡ እንደገና በጀመረበት ሰሞን ደረሰ። ካርቶኑን ሱቁ ውስጥ ስንከፍተው ቀለሙ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጎማው ገና ፀጉር ያለው፣ እንዲህ ያለ ነገር! ዌንደል ጓንቱን አወለቀና በእጁ ዳበሰው። ከዚያ ተቀምጦበት እላዩ ላይ ከፍ ዝቅ እያለ «ሶፋ ነው እኮ! ኮርት፣ ሶፋ ነው!» ይላል። የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰውዬ።

እዚያው የነበረችው ብሪን ነች ማሾፉን የጀመረችው። ብሪን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናት፣ በከተማችን እሷን የሚያህል ጋላቢ የለም። እኛ ከችሎታው በላይ የሆነ ብስክሌት የገዛን ሰው «ጥርስ ሐኪም» እንለዋለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ከትልቁ ከተማ ውድ ብስክሌት ጭነው መጥተው፣ ገደሉ ጫፍ ሲደርሱ በእግራቸው የሚወርዱት ጥርስ ሐኪሞች ናቸው ስለሚባል ነው። ዌንደል ራሱ ስንቱን በዚህ ስም ሲሞልጭ ኖሯል።

«ዶክተር!» አለችው ብሪን፣ አፏን ከፍታ ጉንጯን በጣቷ እየጎተተች። «ይቺ የኋለኛዋ እንቅልፍ ነስታኛለች፣ እስቲ እይልኝ።»

ሱቁ በሳቅ ተናወጠ። ዌንደል እስከ ጆሮው ቀላ። «ቅዳሜ እንተያያለን» አላት።

«እንተያይ። አንተ ቅደም፣ የቆፈርከው አንተ ነህ። ካቃተህ ከኋላህ አለሁ።»

አሁን ወደ እኔ ልምጣ። አዲስ ፍሬን ወዲያው አይዝም። ሸራውና ዲስኩ መለማመድ አለባቸው። ፈጠን እያልክ ሃያ ጊዜ ያህል አጥብቀህ ትይዘዋለህ፣ እስኪግል ድረስ። እኛ መግራት እንለዋለን። ይህ የጋላቢው ሳይሆን የእኔ ሥራ ነው፣ ሁሌም ከሱቁ ጀርባ ባለው ቁልቁለት ላይ አደርገዋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርድ ነበር። ሁለቴ እንደያዝኩ ዌንደል መጣና በር ላይ ቆሞ፣ ሰው እየሰማ፣ «ጨረስክ ወይስ አካፋ ላምጣልህ?» አለኝ።

ደሜ ፈላ። «ዝግጁ ነው፣ ውሰደው» አልኩት። ቆሞ የፍሬኑን እጀታ ጨበጠ። እጀታው ጠንከር ብሎ ስለተሰማው ደስ አለው። ፍሬኑ ገና አልተገራም የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ይንሸራተት፣ ትንሽ ይደንግጥ፣ አንድ ቀን እንኳ ይፈር ብዬ ነው። እግዜር ያሳያችሁ፣ ከዚህ ሌላ ምንም አላሰብኩም።

ሠላሳ የምንሆን ሰዎች ወጣን። ግንድ ጫኝ መኪኖች የሚሄዱበት መንገድ አለቱ ግርጌ አጠገብ ስለሚደርስ ዶሪን በመኪና መጣች። ታጣፊ ወንበሯን ዘርግታ የእንቁላል ሳንድዊች ታድላለች። አዲስ ቀይ ኮፍያ አድርጋለች። ምስክሮቹ እኔ በግራ፣ ፖስታ አዳዩ ጋስ በቀኝ።

ዌንደል ከላይ «መጣሁ!» አለ። አለቱ አናት ላይ ብቅ ሲል አምሮበት ነበር፣ ልንገራችሁ፣ ክርኑን ከፈት አድርጎ፣ ወገቡን ወደ ኋላ ስቦ። ከዚያ ፍሬኑ ጮኸ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ፣ ይጮኻል እንጂ አይዝም። ሰውዬው ባለ በሌለ ኃይሉ ጨብጦ ቁልቁል እየፈጠነ መጣ፣ አፉ ተከፍቶ። አሞርዛተሩ ግርጌው ላይ እስከ ጥጉ ሰመጠና ተሸከመው። ግንዱ ላይ ሊላተም ሲል ግራ እግሩ ከፔዳሉ ወረደ፣ ጭቃውን እንደ ማረሻ ሰነጠቀ፣ ታጠፈ፣ ዳነ።

ጩኸቱ፣ ፉጨቱ! ዶሪን ከወንበሯ ተነስታ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። ዌንደል ጥቂት እልፍ ብሎ ቆመ።

«እኔ መታጠፊያውን አላየሁም፣ ግንዱ ከለለኝ» አለ ጋስ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ዌንደልም አየኝ። በሕይወቱ ሰው ለምኖ የማያውቅ ሰውዬ በዓይኑ ለመነኝ። አንድ ቃል ባልናገር ቁልቁለቱ ዶሪን ተብሎ ያልቅ ነበር።

«እግር» አልኩ።

«ኮርት፣ እርግጠኛ ነህ?» አለችኝ ዶሪን።

«በዓይኔ በብሌኑ አይቻለሁ።»

ውሸት አልነበረም፣ አያችሁ። ደስ ያለኝም ለዚያ ነው። አዎ፣ ደስ ብሎኛል፣ ምን እደብቃለሁ።

«ፍሬኑ አልያዘልኝም» አለ ዌንደል ዝግ ባለ ድምፅ።

«ፍሬኑ! ዶክተሩ ፍሬኑን ከሰሰ!» አለ አንዱ፣ ሳቁ ጫካውን ሞላው። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ብሪን በተቧጨረው የራሷ ብስክሌት ወጥታ ወረደች። እግሯ ንቅንቅ አላለም። እስከ ታች ጨርሳ ስትመለስ ጋስ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ «ለሰውዬው ስትይ ዶሪን በይው፣ ምን ይጎዳሻል?» አላት። «እኔን ሁለቴ ከዚህ መንገድ አባርሮኛል» አለችና ድምፅዋን ከፍ አደረገች፦ «ጥርስ ሐኪሙ! ስሙ ጥርስ ሐኪሙ ነው!» በሳምንቱ በሳንቃ ላይ ተቀርጾ አናቱ ላይ ተሰቀለ።

ዶሪን ያን ቀን ወንበሯን አጥፋ የተረፈውን ሳንድዊች ሰበሰበች። የሰዉን ሁሉ ዓይን ሽሽት መኪና ውስጥ ገብታ ባሏን ጠበቀችው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ዌንደል ብስክሌቱን እየገፋ ሱቄ መጣ። ከስቷል። ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም።

«አሁን በአንድ ጣት ይይዛል» አለኝ። «እንደውም ወደ ፊት አሽቀንጥሮ አፍንጫዬን ሊሰብረኝ ነው። ያን ቀን ግን... እውነቱን ንገረኝ ኮርት። ፍሬኑ ነበር ወይስ እኔ?»

አሁን የሚይዘውማ በዚያው ቁልቁለት፣ ሰውዬው ደንግጦ ሲጨብጠው ስለተገራ ነው። ጎማውን አሽከረከርኩ፣ ዲስኩን ያየሁ መሰልኩ። ልነግረው ነበር። ያኔ ግን ሠላሳ ሰው የሳቀበት ጥፋት የእኔ መሆኑ ሊታወቅ ነው፣ የእኔ እንጀራ ደግሞ ፍሬን መጠገን ነው።

«ፍሬኑ ምንም የለው» አልኩ። «እጅህ ነው ዌንደል። ሰው ሲፈራ የጨበጠ ይመስለዋል እንጂ አይጨብጥም።»

ሁለት እጆቹን ገልበጥ አድርጎ አያቸው። 

«ይሆናል» አለ። «ስላልዋሸኸኝ አመሰግናለሁ።» ብስክሌቱን ሽጥልኝ ብሎ ትቶልኝ ሄደ።

ባለፈው ሳምንት ዶሪንን ሱፐርማርኬት አገኘኋት። ክንዴን ያዘችኝ። «ቁርስ ላይ ‹ፈርቼ ነው ዶሪን› አለኝ» አለች። «ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር ፈራሁ ሲል ሰምቼው አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ከቤት አይወጣም። አንተ ታውቀዋለህ፣ ምን ልበለው?»

«ጊዜ ስጪው» አልኳት፣ ወተቴን አንስቼም ሰልፍ ያዝኩ።