ለእህቴ የተቀዳው ኮሶ

ባለፈው ሰኞ ከዳንግላ ሚኒባስ ተሳፍሬ እንጅባራ ሄድኩ። የእህቴን የልጅ ልጅ ለትዳር ሽማግሌ ሊጠይቃት ነበር። ቤቱ በሰው ሞልቷል፤ ወጡ ወጥቷል፤ ጠላው ይቀዳል። የወንዱ ወገን ሽማግሌ ተነሱና «የመጣነው ጨዋነቷን ሰምተን ነው፤ ድምጿ ከደጅ የማይሰማ፣ አንገቷን የደፋች፣ እንደ አያቷ!» አሉ። ሰዉ ሁሉ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አለ። እኔ የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩ።

ኤዲያ! ጨዋ ሲባል ኮሶ ነው የሚሸተኝ።

ነገሩ የቆየ ነው፤ ያኔ ዳንግላ የምማር ኮረዳ ነበርኩ። ታላቅ እህቴ እንየ ከፋሲካ በኋላ ከእንጅባራ ወዲያ ላለ ባላገር ተዳረች። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ በጭነት መኪና ተሳፍሬ፣ የቀረውን በእግሬ ጭቃ አቡክቼ ልጠይቃት ሄድኩ። አገሩ በጉም ተሸፍኗል፤ ቀርከሃው ውኃ ያንጠባጥባል። አማቷ እማማ ዝማም ትኩስ ድንች ከአዋዜ ጋር አቀረቡልኝ። መቼም ለእንግዳ ደግ ነበሩ፣ አልክድም።

እህቴ ግን ከስታለች። ሙሽራ ናትና በአማቶቿ ፊት ድምጿ አይሰማም፤ የባሏን ስም አትጠራም፤ ሲጠይቋት ራሷን በመነቅነቅ ነው የምትመልሰው። ይህንንም አገሩ ሁሉ ያደንቅላታል። ውኃ ልንቀዳ ስንወርድ ጆሮዬ ላይ ተለጥፋ በአገውኛ ማርገዟን ነገረችኝ።

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማን እነግራለሁ? ነውር አይደለም?»

«ባልሽስ?»

«አንቺ ልጅ፣ ዝም በይ» አለችኝ።

በማግስቱ በዚያ ቤት ኮሶ የሚጠጣበት ቀን ነበር። ያን ጊዜ ጥሬ ሥጋ የማይበላ፣ ኮሶ የሌለበት ሰው የት ይገኛል! ትሉን እንደ ዘመድ አቅፈነው ነበር የምንኖረው። ቀኑ ሲደርስ ቤተሰቡ በሙሉ በባዶ ሆዱ ይጠጣና ሲቃትት ይውላል። እኔ ዳንግላ ስለ ጠጣሁ ተረፍኩ። እርጉዝ ኮሶ እንደማትጠጣ ግን ሕፃን ልጅ ያውቃል፤ ያስወርዳታል።

እማማ ዝማም የተፈጨውን አበባ በጥብጠው በየሽክናው ቀዱ። የእህቴን ሲያቀብሏት አላስቻለኝም።

«እማማ፣ እንየ አትጠጣም። አርግዛለች» አልኩ።

የባሏ አባት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እማማ ዝማም ደረታቸውን መቱ። «ወየው ጉዴ! በአባት ፊት! ትምህርት ቤት የሚያስተምሯችሁ ይህን ነው?» ብለው ወደ እህቴ ዞሩ። «እውነት ነው እንዴ፣ ልጄ?»

እህቴ አንገቷን ደፋች። አንድ «አዎ» ብቻ ነበር የቀራት! ራሷን እንኳ አልነቀነቀችም። ያ ባሏም ያው መሬት መሬት ያያል።

«ይኸው፣ ቅጥፈቷን ነው» አሉና ለባላቸው ሊያቀብሉ ዞሩ። ሌላው አፍንጫውን ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የራሱን ይታገላል። ሽክናውን ከእህቴ እጅ ነጥቄ ጨለጥኩት።

እፍ! ዱቄቱ ጉሮሮዬ ላይ ተጋገረ። ምሬቱ እስከ ጆሮዬ ወጣ። ባዶውን ሽክና መልሼላት ወደ ጓሮ ሮጥኩ፤ ቀርከሃው ሥር ተደፍቼ ሆዴ ሲገለበጥ ዋለ። እማማ ዝማም «ጠረኑ ብቻ ጣላት! የከተማ ሆድ!» እያሉ ሳቁብኝ።

እህቴ በሰላም ሴት ልጅ ወለደች። በክርስትናዋ ቀን እማማ ዝማም በሴቶቹ መሀል ቆመው «እርጉዝ ኮሶ አትጠጣም የሚሉት ተረት ነው! የእኔ ምራት ጥርግ አድርጋ ጠጥታ ይኸው ወለደች» አሉ። ሴቶቹ አፋቸውን ይዘው ተደነቁ። እኔ ብድግ አልኩና «እሷ አልጠጣችም! የጠጣሁት እኔ ነኝ!» ብዬ ጮኽኩ።

ሁሉም እህቴን አየ። ልጇን እንደ ታቀፈች አንገቷን ደፋች። እኔ ቀጣፊ ተባልኩ፤ እሷ ጨዋ ተባለች። በሚቀጥለው ክረምት የጎረቤት ምራት አማቶቿ እርጉዝ መሆኗን እያወቁ፣ እማማ ዝማም ያሉትን አምነው አጠጧት። ፅንሱ ወረደ። «ከእግዜር ነው» ብለው ወደ አረማቸው ሄዱ። እስከ ዛሬ ያንገሸግሸኛል።

ሰኞ ዕለት ያቺ በክርስትናዋ ቀን ያየኋት ሕፃን፣ ዛሬ የምትታጨው ልጅ እናት፣ ለሽማግሌዎቹ ጠላ ትቀዳ ነበር። ልጅቷን ጓዳ ጠርቼ «ልጁን ትወጅዋለሽ?» አልኳት። ዓይኗን ሰበረች። «በአፍሽ ንገሪኝ!» ብዬ ተቆጣሁ። «እስቲ ላስብበት፣ እማማ» አለች። ተመስገን፣ ይህቺስ አፍ አላት።

ተመልሼ ስቀመጥ እህቴ ጎኔ ናት። ጆሮዬ ላይ ተጠጋችና በአገውኛ «ያ ኮሶ በጣም መሮሽ ነበር?» አለችኝ። ስለዚያ ነገር አንድ ቃል ሲወጣት ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ጮክ ብለሽ ጠይቂኝ፤ ልጅሽም ትስማ» አልኳት።

ሽማግሌዎቹን ቀና ብላ አየች። ከዚያ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።