ኡስታ ወስፊና የአያቱ ልክ

የአናጢው የኡስታ ወስፊ አትሮኖስ ያልገባበት ሳሎን በደማስቆ የለም፤ መጽሐፍ የተቀመጠበትን ግን እስኪ አንድ አሳዩኝ። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይቻለሁ፣ መስታወት ውስጥ ተቆልፎ አይቻለሁ። ሲነበብበት? ወላሂ አላየሁም። እኔ ክርና ቁልፍ የምሸጠው ከሱቁ ፊት ለፊት ነው፤ በመካከላችን ያለው መንገድ ሁለት አህያ አያሳልፍም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጉራውን ስጠጣ ኖሬአለሁ።

እጁ ግን እጅ ነው፤ ይህን መካድ ሐራም ነው። አንድ የዋልነት ሳንቃ ያነሣል፣ መሐሉን ከሁለቱም ፊት በመሮ ይፈለፍላል፣ ከላይና ከታች በመጋዝ ይሰነጥቃል፤ ከዚያ ቢስሚላህ ብሎ ሲስበው ሳንቃው እንደ መቀስ ይከፈታል። ምስማር የለው፣ ኮላ የለው። እዚህ ላይ ቢበቃው ምን ነበረበት! የብረት ማጠፊያ የሚገጥም አናጢ ባየ ቁጥር ግን፣ "አንተ የዶሮ ቤት በር ሠሪ!" እያለ ሰው ፊት ያዋርዳል።

ትልቁ በሽታው ደግሞ የአያቱ ልክ ነው። አያቱ የአትሮኖስን ቁመት ምልክት ያደረጉባት አንዲት ዱላ አለችው፤ ለረጅምም ለአጭርም፣ ለልጅም ለሽማግሌም ከእሷ አያልፍም። አባቴ እንደነገሩኝ አያትየው ድንክ ቢጤ ነበሩ፤ ምንጣፍ ላይ ሲቀመጡ አፍንጫቸው ከመጽሐፉ እኩል ነበር። ለእሳቸው ልክ ነው፣ አላህ ይዘንላቸው። እኛ ምን አጠፋን?

ረመዳን ሊገባ ሁለት ወር ሲቀረው ሐጃ ሰኒያ ሱቁ መጡ። ሐጃ የሰፈሩን ሴት ልጆች በሙሉ ቁርኣን ማንበብ ያስተማሩ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። በረመዳን ሴቶቹ በየቀኑ ከሰዓት፣ የዐስር ሰላት እንዳበቃ ቤታቸው ይሰበሰባሉ፤ እሳቸው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው እያነበቡ ቁርኣኑን በሠላሳ ቀን ጨርሰው ያኸትሙላቸዋል። ልጅ አልወለዱም፤ በዚህች ዓለም ያላቸው ይህ ስብሰባ ነው። አምና ታዲያ አንገታቸውን ጠምዝዞ ያዛቸውና በሃያኛው ቀን አቋረጡ። የቀረውን የባላቸው እህት ኢንሳፍ ጨረሰችው። ኢንሳፍ ስታነብ ጆሮ ይደነቁራል፣ መስመርም ትዘላለች። "ዘንድሮም ካቃታት ስብሰባው ወደ እኔ ቤት ይዞራል" እያለች ቤት ለቤት ስታወራ ከረመች።

"ወስፊ ልጄ" አሉት ሐጃ፣ "ሐኪሙ መጽሐፉን ከፍ አድርጊ፣ አንገትሽን አትድፊ ብሎኛል። እዚህ ድረስ ይድረስልኝ።" እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

"ለእርስዎ የምሠራውን ሱልጣን አላገኘውም፣ ሐጃ!"

"ሱልጣኑ ይቅርብኝ። ቁመቱን ሰምተኸኛል?"

"እርስዎ ብቻ ዱዓ ያድርጉልኝ።"

እኔ ከማዶ ሆኜ፣ "ኧረ ለካቸው፣ አንተ ሰውዬ!" ብዬ ጮህኩ።

"አንተ ቁልፍህን ቁጠር!" አለኝ።

ሁለት ወር ሙሉ ሲፈለፍል ከረመ። የወይን ሐረግ ቀረጸ፣ የባሕር ዛጎል ለጠፈ፤ ይባስ ብሎ መጽሐፉ በሚያርፍበት ፊት ላይ አበባ ቀረጸበት። "መጽሐፍ ሲሸፍነው ማን ያየዋል?" ብዬ ብጠይቀው፣ "አላህ ያየዋል" አለኝ። ምን ይሉታል እንዲህ ያለውን? ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው።

የረመዳን የመጀመሪያው ቀን መከራው መጣ። የሐጃ መስኮት ከሱቄ ጎን ነው። ወስፊ የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ፣ በሥራው ላይ ሲነበብ ሊሰማ እኔ ዘንድ ተቀመጠ። ውስጥ ሴቶቹ፣ "ማሻአላህ! ማሻአላህ! ዛጎሉን እዩልኝ!" ሲሉ ሰውየው አበጠ። ከዚያ ሐጃ ጀመሩ። ድምፃቸው ልብ ያረጋጋል። ጥቂት መስመር ሄዱና ቆሙ። ጀመሩ፤ አሁንም ቆሙ።

"ወይኔ አንገቴን!"

ወዲያው ኢንሳፍ፣ "በይ እህቴ፣ ለእኔ ስጪኝ፤ ከነገ ጀምሮም እኔ ቤት እንሁን፣ አንቺ አትቸገሪ" አለች።

"ቆይ! ማንም እንዳይነካው!" አለ አንድ ድምፅ። የራሱ የወስፊ ሚስት፣ ፈህሚያ ናት። ከግቢ አንድ ነገር ስትጎትት ተሰማ፤ ዷ አድርጋ አስቀመጠችው። ሐጃ እንደገና ጀመሩ፤ የዕለቱን ሳያቋርጡ ጨረሱት።

ወስፊ መስኮቱ ሥር ሄዶ ቆመ። "ፈህሚያ! ሥራዬን ምን ላይ ነው የጫንሽው?"

"የብርቱካን ሣጥን ላይ!"

"የአያቴን ልክ?!"

"እንግዲያ አያትህ ተነሥተው ያንብቡበታ!"

የሴቶቹ ሳቅ መንገዱን ሞላው። እኔም ሳቅሁ፤ ለምን እዋሻለሁ?

በሦስተኛው ቀን አንዲት ሴት ሱቁ መጥታ፣ "ኡስታ፣ እንደ ሐጃ ያለ ሥራልኝ" አለችው። ፊቱ በራ። "አትሮኖሱን?"

"አይ፣ ሣጥኑን።"

ሱቁን ዘጋ። መጋዙ ግን ከውስጥ ይሰማ ነበር። ፈህሚያ ኋላ እንደነገረችኝ፣ ሣጥኑን በሲባጎ ለክታ እንድታመጣለት ልኳት ነበር። ሐጃን "ልለካዎት" ማለት ሞት ሆኖበት፣ የብርቱካን ሣጥን አስለካ!

በአሥራ አምስተኛው ቀን ረጅም አትሮኖስ ይዞ መጣ። አንድ ሳንቃ፣ አበባ የለ፣ ዛጎል የለ። ፈህሚያ ይዛው ገባች፤ እሱ እኔ ዘንድ ተቀመጠ። የሐጃ ድምፅ ሳይሰበር ይወርድ ጀመር፤ ስሰማው ደስታ እንባዬን አመጣው።

ወስፊ በክርኑ ጎሸመኝ። "አየህ? እውነተኛው የአያቴ ልክ ይኸ ነው። ዱላዋ ነበረች ያሳሳተችኝ።"

ደሜ ፈላ። "አያትህ መቃብር ውስጥ ቁመት ጨመሩ እንዴ?! አንተ ዓይን አውጣ!"

ጩኸቴ ንባቡን አቋረጠው። ሐጃ በመስኮቱ፣ "ተወው፣ ልጄ!" አሉኝ። "አንገቴ ቀና ካለልኝ የፈለገው አያት ልክ ይሁን።" ከዚያ ወደ ውስጥ ዞሩ። "ኢንሳፍ፣ ነይ እስኪ አጠገቤ ተቀመጪ፣ የት እንደደረስኩ በጣትሽ አሳዪኝ።"