ስንዝርና አራት ጣት

ልጅ እያለሁ፣ ቤታችን የሲሚንቶ ክዳን በለበሰባት ሰኞ፣ የነበርነው ስድስት ሰዎች ነን። አባቴ፣ እናቴ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ደምሌ፣ እንዳለው የሚባለው ከአርብ ገበያ የመጣ ባለሙያ፣ ታላቅ እህቴ ብርቄ፣ እኔ። እናቴ ከመደቧ አልተነሣችም፤ ቤቱ የሚከደነው ለእሷ ስለነበር ግን አብሬ እቆጥራታለሁ።

እናቴን ራሷን ያማት ነበር። የጎረቤትን ቆርቆሮ በረዶ ሲመታው እንኳ ግንባሯን በነጠላ ጠፍራ ወደ ግድግዳው ትዞራለች። የእኛ ሣር ክዳን ዝም ይላል፤ ግን አርጅቶ ያፈስ ነበር። አባቴ የፈለገው የማያፈስም የማይጮኽም ክዳን ነው። የሲሚንቶው እንደማይጮኽ ገበያ ላይ ሰማ፤ በገብስ ገለባ ጠቅልሎ በአህያ አመላለሰው። ለብዙ ቀን ግቢያችን ሲሚንቶና ከአሮጌው ሣር የረገፈ ጥቀርሻ ይሸት ነበር።

እያንዳንዱ የክዳን ጠፍጣፋ ከጀርባው እንደ ጆሮ የወጣ ነገር አለው፤ በጆሮው በጣራው አግዳሚ እንጨት፣ በሞራሌው ላይ ይንጠለጠላል። እንዳለው፣ አንዱ በሌላው ላይ አራት ጣት ብቻ ይደረብ ብሎ አሳይቶ ነበር። ዓርብ ዕለት እሱ ገበያ ሲውል አባቴና አያ ደምሌ ሞራሌውን ራሳቸው መቱት። ሁለቱም ሣር ከዳኞች ናቸው፤ ሣር ደግሞ በተደራረበ ቁጥር ይጠብቃል። አያ ደምሌ፣ ይህ ልጅ የሚከድነው ቤት ነው ወይስ ሌማት ብሎ በእንዳለው አሾፈ። ሞራሌውን አጠጋግተው ክዳኑ በስንዝር እንዲደረብ አደረጉት።

ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቤቱ ሳይሞላ የመጣው ክዳን ሊያልቅ ሆነ። እንዳለው መዳፉን ዘርግቶ ድርቡን ለካ፤ ስንዝር ሆነ። ከዚያ ለአባቴ ቀስ ብሎ ነገረው፦ ሞራሌው ተነቅሎ እንደገና ካልተመታ ክዳኑ አይበቃም። የጉና ተራራ በዝናብ ደመና ጠቁሯል፤ አሮጌው ሣር ወርዷል፤ ቤቱ ግማሽ ጎኑ ሰማይ ነው። የተረፈው ለአንድ ጥግ ብቻ ይበቃል፤ ወይ ለእህሉ ጎታ፣ ወይ ለእናቴ መደብ። አባቴ ጣራው ላይ ተንበርክኮ፣ በክፍቱ ቁልቁል አያት። እሷም ተንጋላ ታየዋለች።

«ምን ይሻላል?» አላት።

«ጎታውን ክደኑት» አለች። «እኔን ሣሩ ያውቀኛል።»

ከመደቧ በላይ ያለውን በሣር ሞላነው። አባቴ ከመኸር በኋላ አሟላዋለሁ አለ።

ያን ክረምት ሁሉ አባቴ ጧት ጧት አፈሰሰብሽ ወይ ብሎ ይጠይቃት ነበር። ጠብ አላለም ትለዋለች። ራስሽንስ ስንላት «ተከድኖ ይብሰል» ብላ ትስቃለች። በፍልሰታ ጾም አረፈች።

ብርቄና እኔ አጎዛዋን ስናነሣ፣ በመደቡና በግድግዳው መካከል ውሃ ያቆረ ማሰሮ አገኘን። አፉ ላይ የነጠላ ቁራጭ ተነጥፏል። መጀመሪያ አልገባኝም። ብርቄ ቁራጩን በጣቷ አነሣችው፤ ያን ጊዜ ከላይ አንድ ጠብታ ወርዶ ማሰሮው ውስጥ ጠብ አለ። እናቴ ጨርቁን ያነጠፈችው የጠብታውን ድምፅ እንዳንሰማ ነው። አባቴ ከደጅ ሳይገባ ብርቄ ውሃውን ደፋችው። እሱ እስኪያርፍ ድረስ፣ ዝናብ ሳይነካት ነው የሄደች ይል ነበር። አላረምነውም።

ዛሬ ሰፈራችን ሁሉ ቆርቆሮ ነው፤ ክረምት ሲመጣ ጎን ለጎን ተቀምጠን አንሰማማም። እኔ ማንም ሳያስተምረኝ መካነ ኢየሱስ ከተማ ቤት ስከድን እውላለሁ። ሞራሌ የምመታው በሜትር ለክቼ ነው፤ ቢሆንም መጨረሻ ላይ አራት ጣቴን አስቀምጬ ሳላይ አልወርድም። በዚያ ዘመን ድምፅ የሌለው ጣራ ሥር ተኝቼ፣ ቤታችን ደህና ነው እል ነበር።

አያ ደምሌ፣ አንተም እንዳለው፣ ያን ሰኞ አብራችሁን ነበራችሁና የሳትሁት ካለ አርሙኝ። አንቺን ግን፣ ብርቄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በመጨረሻው ሳምንት እማ እጇን እንኳ ማንሣት አቅቷት ነበር። ዝናቡም አላባራም። ማሰሮው ግን አንድ ቀንም ሞልቶ አልፈሰሰም።

ማን ነበር የሚደፋላት?