ጌታው፣ እናቱና የሰንበት ጣሳዎች

የጌታው ችግር የሚጀምረው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነበር። ሳህኑ ተነስቷል፤ ስልኩም ቴሌቪዥኑም ዓርብ ማታ እንደተዘጋ ነው፤ ሰንበት እስኪወጣ ገና ረጅም ከሰዓት ይቀራል። በሶፋው አንድ ጫፍ እናቱ ወይዘሮ እታፈራሁ ተቀምጠዋል። በሌላው ጫፍ ለሰንበት ከጦር ሠፈር የመጣችው ልጁ አጋም ተቀምጣለች። የአያቲቱ ዕብራይስጥ ለሱቅና ለአውቶቡስ ያህል ነው፤ የልጅ ልጂቱም አማርኛ ለሰላምታና ለምግብ ያህል።

«ደኅና ነሽ?»

«ደኅና ነኝ፣ ሳቭታ።» ልጆቹ አያታቸውን በዕብራይስጥ እንዲህ ነው የሚጠሩት።

«በላሽ?»

«በላሁ።»

ከዚያ በኋላ ሁለቱም ግድግዳውን ያያሉ። የሚዋደዱ ሰዎች ናቸው፤ ግን ከ«በላሁ» ወዲያ መንገዱ ይጠፋባቸዋል።

ጌታው በሚኖሩባት በቂርያት ጋት ከተማ የኢንዱስትሪ ቀጠና ባለ አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ የማሽን ጥገና ሠራተኛ ነው። ማሽን ሲቆም ለምን እንደቆመ ሳይገባው ምሳ የማይበላ ዓይነት ሰው ነው፤ የሶፋውንም ዝምታ እንደዚያው ያየው ነበር። መፍትሔው የታየው በፋብሪካው የዕረፍት ክፍል ነው። ቋንቋ የማይጋሩ ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ አንድ ሰሌዳ መሐላቸው ዘርግተው፣ ጠጠር እየገፉ፣ እየተሳሳቁና እየተሰዳደቡ ነበር። አንዱ በሩሲያኛ ሌላው በዓረብኛ፤ ሁለቱም ግን ተግባብተዋል። ጌታው ሻዩን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ለካ እናቱና ልጁ የሚያስፈልጋቸው ወሬ ሳይሆን እጃቸው የሚሠራው ነገር ነው!

በዚያው ሳምንት መሬትና ቤት የሚገዛበትን፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ጨዋታ ገዛ። ቅዳሜ ሰሌዳውን ዘርግቶ የወረቀቱን ብር ማደል ሲጀምር እናቱ እጃቸውን ከእሳት እንደሚሸሽ ሰው ሰበሰቡ።

«ብር ነው?»

«የውሸት ብር ነው፣ እማዬ።»

«በሰንበት የእውነቱንም የውሸቱንም አልነካም።»

ሚስቱ ብዙዬ ከወጥ ቤት ሳቀች። «አንተ ሰው፣ በሰንበት ባንክ ቤት ከፈትክልን?»

ጌታው አልተናደደም። እንዲያውም ደስ አለው፤ አሁን ችግሩ ቅርጽ ያዘ። የሚፈልገው ጨዋታ ብር የሌለበት ነው። እናቱ የዕብራይስጥ ፊደል ስለማያነቡ ጽሑፍ ያለበት ካርድም አይሆንም። በሰንበት ስለማይጻፍ ነጥብ በእርሳስ የሚመዘገብበት አይሆንም፤ በስልክ ሰዓት የሚለካበትም እንዲሁ። ሰው እንዲህ ያለ ጨዋታ ሞልቷል ይል ይሆናል። ጌታውም እንዲያ መስሎት ነበር። ፍለጋው ግን በሰው እጅ የቆዩ የጠረጴዛ ጨዋታዎች ወደሚሸጡባቸው የስልክ ቡድኖች ወሰደው፤ ገብቶም በዚያው ቀረ።

ያገለገለ ጨዋታ መግዛት የራሱ ጥበብ አለው። ጌታው ሳጥን ሲቀበል መጀመሪያ የሚያደርገው ማሽተት ነው፤ እርጥበት የገባበት ካርቶን ከሩቅ ይናገራል። ቀጥሎ የክዳኑን ማዕዘኖች ያያል፤ አራቱም ከተሰነጠቁ ብዙ ተጫውተውበታል ማለት ነው፣ ይኼ ደግሞ መጥፎ ምልክት አይደለም፣ ሰው የማይወደውን ጨዋታ እየደጋገመ አይከፍትም። ከዚያ ዕቃውን በፎጣ ላይ ያፈስሰዋል። ፎጣው ከቦርሳው አይለይም፤ አንዲት ጠጠር ብትወድቅ ድምፅ ሳታሰማ ትጠፋለችና። አንድ ጊዜ ቤርሼባ ባቡር ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ፎጣውን ዘርግቶ የአንድ ጨዋታ ጠጠር የሆኑ የእንጨት በጎችን በቀለም በቀለም ሲለይ፣ ጥበቃው መጥቶ በላዩ ቆመ። «ምንድን ነው የምታደርገው?» «አንድ ጥቁር በግ ጎድሎኛል» አለው ጌታው። ጥበቃው ጎንበስ ብሎ አብሮት ፈለገ፤ በጉ ከክዳኑ እጥፋት ሥር ተገኘ። ጌታው ያን ቀን እስከ ቂርያት ጋት ድረስ በባቡር ውስጥ ብቻውን ፈገግ እያለ መጣ።

ብዙዬ አንድ መደርደሪያ ሰጥታዋለች፤ ከዚያ አንድ ጣት አያልፍም። ስለዚህ አንድ ጨዋታ ሲገባ አንዱ ይወጣል። የባንክ ቤቱ ጨዋታ መጀመሪያ ተሸጠ። ጥያቄ የሚነበብበት ተከተለ። ባለ ቀለም ሸክላዎች የሚገጣጠሙበት ጨዋታ ጥሩ ነበር፤ እናቱ ቀለማቱን ሲገጥሙ እጃቸው ይፈጥናል። ነጥቡ ግን መጻፍ ስላለበት ጌታው የተጠበሰ ሽምብራ አመጣ፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ አንድ ፍሬ። ዘዴው ግሩም ነበር፣ አጋም ሳታስበው መሪነቷን ቆርጥማ እስክትጨርስ ድረስ።

«ነጥብሽን በላሽው!» አሉ እናቱ፤ ከሳቅ ብዛት ዕንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ።

ከዚያ የጣሳዎቹ ጨዋታ መጣ።

አጨዋወቱ ቀላል ነው። ለያንዳንዱ ሰው አንድ የቆዳ ጣሳና አምስት ኩቢያ ይሰጠዋል። ኩቢያ ስድስት ገጽ ያላት፣ ከአንድ እስከ ስድስት ነጥብ የተቀባባት ጠጠር ናት። ሁሉም ጣሳውን ነቅንቆ ጠረጴዛው ላይ ይደፋዋል፤ የራሱን ብቻ አሾልኮ ያያል። ከዚያ አንዱ ይጀምራል። «በጠረጴዛው ሁሉ ሦስት አራቶች አሉ» ይላል፤ በሁሉም ጣሳ ሥር ተደምሮ አራት ነጥብ ያሳዩ ሦስት ኩቢያዎች አሉ ማለቱ ነው። ተከታዩ ወይ ይጨምራል፣ «አራት አራቶች» ብሎ፤ ወይ «ውሸት!» ይላል። ውሸት ሲባል ጣሳው ሁሉ ይነሳል፣ ይቆጠራል። የዋሸው ተይዞ ከሆነ አንድ ኩቢያ ያጣል፤ እውነት ከነበረ ደግሞ ውሸት ያለው ያጣል። መጨረሻ ኩቢያ የቀረው አሸነፈ። ብር የለም፣ ፊደል የለም፣ እርሳስ የለም።

እናቱ በመጀመሪያው ቅዳሜ አሸነፉ። በሁለተኛውም በሦስተኛውም አሸነፉ። ጌታው መጀመሪያ ኮራ፤ ቆይቶ ነው ነገሩ የገባው። ማን ነው ወይዘሮ እታፈራሁን ፊት ለፊት «ውሸት!» የሚላቸው? በዚያ ቤት እሳቸው ሲናገሩ ድምፅ ከፍ አይደረግም። እሳቸው አንድ ቁጥር ሲጠሩ አጠገባቸው የምትቀመጠው ብዙዬ፣ ቢኖራትም ባይኖራትም ትጨምራለች። ከብዙዬ ቀጥሎ ያለው ጌታው ሚስቱን «ውሸት!» ይላል። ብዙዬ ኩቢያዋን ታስረክባለች፤ እናቱ ምንም ሳይነኩ ይቀጥላሉ። ማንም አልተማከረም፤ የሁሉም አፍ በራሱ ነው እንዲያ ያደረገው።

በአራተኛው ቅዳሜ እናቱ ጣሳቸውን ነቀነቁ፣ ደፉ፣ አላዩም። በጠረጴዛው ሁሉ ሃያ ኩቢያ ነበር።

«ሠላሳ ስድስቶች» አሉ።

ብዙዬ ባሏን አየች፤ ባሏ ጠረጴዛውን አየ።

«ሠላሳ አንድ» አለች ብዙዬ በቀጭን ድምፅ።

«ውሸት!» አለ ጌታው ፈጥኖ፣ በሚስቱ ላይ።

እናቱ ጣሳቸውን ቀስ ብለው አነሱ። ሥሩ አንድም ስድስት አልነበረም። «የሷ ሠላሳ አንድ ውሸት ከሆነ» አሉ «የኔ ሠላሳ ምን ነበር?» ጣሳቸውን ወደ ጠረጴዛው መሐል ገፉት። «ሕፃን አደረጋችሁኝ» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ትይዩ ወዳለው ሕንፃ፣ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ራሳቸውን አመማቸው። በሌላው ጉልበታቸውን። አጋም ከጦር ሠፈሯ ደውላ «ሳቭታ ትመጣለች?» ስትል ጌታው ወሬውን ወደ ምግብ መለሰ። ሶፋው አሁን በአንድ በኩል ባዶ ነበር፤ ከቀድሞው ዝምታ ይኼኛው ባሰ።

ጌታው እንደማንኛውም ጨዋታ ሰብሳቢ ጥፋቱን በሳጥኑ ላይ ጣለና ሊሸጠው ወሰነ። ገዢው አሚት የሚባል፣ ካርሜ ጋት በተባለው ሰፈር ካሉት አዳዲስ ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ የሚኖር ጎልማሳ ነበር። በዕብራይስጥ ነው የተነጋገሩት።

«ሙሉ ነው?» አለ አሚት ክዳኑን ከፍቶ።

«ሙሉ ነው።»

«ታዲያ ለምን ትሸጠዋለህ?»

«እናቴ ሁልጊዜ ታሸንፋለች።»

«ጎበዝ ናታ!»

«አላውቅም» አለ ጌታው። «ማንም ውሸት ነው ብሏት አያውቅም።»

አሚት ጌታውን እንደ እብድ አየው። «እኔ እናቴን ገና አፏን ሳትከፍት ነው ውሸታም የምላት። እሷም እኔን። ቆይ፣ እናትህ ጎበዝ ትሁን አትሁን ሳታውቅ ነው የምትሸጠው?»

ይህች ጥያቄ ጌታውን ያዘችው። ማሽን ተከፍቶ ውስጡ ሳይታይ ይጣላል? ይቅርታ ጠይቆ ሳጥኑን መልሶ ወሰደ፤ በአውቶቡስ ውስጥ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ ከቤቱ በፊት እናቱ ቤት ወረደ።

እናቱ በረንዳ ላይ ልብስ ያሰጡ ነበር። ሳጥኑን አዩት። «ብዙዬ ሊሸጠው ወሰደው ብላኝ ነበር።»

«መለስኩት።»

«ምነው?»

«አንቱ ጎበዝ ይሁኑ አይሁኑ ስላላወቅሁ፣ እማዬ።»

እናቱ ያንጠለጠሉትን አንሶላ ለቀው ትኩር ብለው አዩት። «ወደዚህ አገር ስንሰደድ፣ ሱዳን ጠረፍ ላይ ወታደሩ ‹ወዴት ነው?› አለኝ። ‹ለቅሶ› አልኩት። ፊቴን አየ፣ አየ፣ ምንም አላገኘም፤ እለፊ አለኝ። አንተ ጀርባዬ ላይ ነበርክ። እኔን ነው እንግዲህ ሚስትህ ሠላሳ አንድ የምትለኝ!»

ጌታው መሳቅም ማልቀስም አቃተው። እናቱ ግን ቀጠሉ። «ትልቅ ሰው ውሸታም አይባልም፤ ይኼን እኔው ነኝ ያስተማርኩህ። ‹እስቲ እንየው› በሉኝ። ጣሳውን አነሳለሁ። ያሸነፈ ያሸንፍ። እንዲያ ካልሆነ ግን አልመጣም፤ ሆን ተብሎ እንደሚሸነፍለት ሕፃን አልቀመጥም።»

ቅዳሜ መጡ። ጨዋታው ተጀምሮ እናቱ «አምስት ሦስቶች» ሲሉ ብዙዬ ጨመረች፤ ጌታው ጨመረ፤ አጋም ጨመረች፤ እናቱም «ዘጠኝ» አሉ። አሁን ተራው የብዙዬ ነው። ዓይኗን ጨፈነች።

«እስቲ… እስቲ እንየው፣ እማማ።»

ጣሳዎቹ ተነሱ። ሦስቶቹ ከዘጠኝ በጣም ያንሱ ነበር። ወይዘሮ እታፈራሁ በዚያ ጠረጴዛ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ኩቢያ አጡ። እሳቸው ኩቢያዋን በጣታቸው ገፍተው አስረከቡና እጃቸውን አጨበጨቡ።

«ያዝሽኝ! እንዴት አወቅሽ?»

«እኔ አላወቅሁም፣ ፈርቼ ነው» አለች ብዙዬ።

«እኔ ግን አውቄያለሁ» አለች አጋም። ቃሉን ስትፈልግ ጣቷን ወደ አያቷ ፊት ዘረጋች። «ዓይን… ዓይንዎ ይስቃል። ስትዋሺ… ሲዋሹ።»

«ዓይኔ? ነይ፣ ቅረቢ፣ አሳዪኝ!»

አጋም ሶፋውን ዞራ ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠች። የቀኑን ግማሽ የማን ፊት በምን እንደሚጋለጥ ሲነጋገሩ ዋሉ፤ ያልታወቀ ቃል ሲመጣ ጌታው ይጠየቃል፣ ቆይቶ እሱም ተረሳ።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ቅዳሜዎች የተገለጠው ነገር እናቱ በእውነትም ጎበዝ መሆናቸው ነው። አልፎ አልፎ ብዙዬ ታሸንፋለች፤ አጋምም አሸንፋለች። ያላሸነፈው ጌታው ብቻ ነው። ስሌቱን ከሁሉም በላይ ያውቃል፦ ሃያ ኩቢያ ሲኖር እያንዳንዱ ቁጥር ሦስት ጊዜ ገደማ ይወጣል፤ ስለዚህ አራት ማለት ይቻላል፣ ስድስት ማለት ድፍረት ነው። ለማንም በትዕግሥት ያስረዳል። ሲዋሽ ግን እጁ ሳያዘው ወደ ጆሮው ይሄዳል። እናቱ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቁታል።

ስለዚህ አሁን የያዘው ሥራ ይኼ ነው። ቢላጭም፣ ማሽን ቢፈታም፣ ያገለገለ ሳጥን ለመመልከት በባቡር ቢሄድም፣ ፊቱን ሳይለውጥ ውሸት ይለማመዳል። አንድ ጎልማሳ ሰው እናቱን ዓይን ለዓይን እያየ መዋሸትን እየተማረ ነው።

በዚህ ቅዳሜ ብዙዬና አጋም ኩቢያቸውን ጨርሰው ወጡ። የቀሩት እናትና ልጅ ናቸው፣ ሁለት ሁለት ኩቢያ ይዘው፤ ጌታው እዚህ ደርሶ አያውቅም። ጣሳዎቹ ተነቀነቁ፣ ተደፉ።

«ሁለት አራቶች» አሉ እናቱ።

ጌታው አሾልኮ አየ። አንድ ሁለትና አንድ አምስት። አራት የሚባል የለውም። ሁለት አራቶች እንዳሉት አስመስሎ እናቱን «አራት አራቶች» ወደ ማለት ቢገፋቸው ግን፣ ይይዛቸዋል።

«ሦስት አራቶች» አለ።

አጋም ትራሷን አቀፈች። እናቱ ጣሳውን አላዩም፤ ጆሮውን አዩ፣ ቀጥሎ ትከሻውን፣ ቀጥሎ ወደ ታች።

«ጌታው፣ እጅህን የት ከተትከው?»

ሁለቱንም እጆቹን ከጭኑ ሥር ቀብሯቸዋል። አላወጣቸውም። ብዙዬ ሳቋ አመለጣት፤ እሱ ግን ዓይኑን ከእናቱ ዓይን ላይ አላነሳም።

«ይጨምራሉ ወይስ ያያሉ፣ እማዬ?» አለ።