አዲስ አበባ የሳቀበት ሱፍ

ወንድሜ ወልደጻድቅ ከሰፈራችን በቴሌቪዥን የታየ የመጀመሪያው ሰው ነው። ምን ዋጋ አለው፣ ከአንድ ሰው በቀር ከእኛ ያየው የለም! ጊዜው የጃንሆይ ነው፤ ቴሌቪዥን አዲስ አበባ ከገባ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር፤ ምስሉም እኛ ጋ፣ ድሬዳዋ ድረስ አይመጣም።

ወልደጻድቅ የምድር ባቡር ጸሐፊ ነበር። ከምሳ በኋላ፣ ከተማው ሱቁን ዘግቶ ከሙቀቱ ሲሸሽ፣ እሱ መጋላ ሰፈር ወዳለው ወደ ኢስሃቅ ግቢ ይሄዳል። ኢስሃቅ ልብስ ሰፊ ነው። ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ፤ ከሥሩ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ወንዶቹ ሽርጣቸውን አገልድመው ጫታቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። እኔና የኢስሃቅ እህት መሪያም በረንዳው ላይ ሆነን እንሰማለን፤ ሳቃችንን በነጠላ እናፍነዋለን። እንዴት ያለ ጊዜ ነበር! ዛሬም ሳስበው ሆዴ ይባባል።

በዚያ ግቢ ሳይቀለድበት የሚውል ሰው አልነበረም። ግን አንድ ሕግ ነበራቸው። የሚቀለደው እዚያው በተቀመጠ ሰው ላይ ብቻ ነው። በሌለ ሰው የቀለደ፣ ሰውየው ሲመጣ ፊት ለፊቱ ሆኖ ቃል በቃል ይደግምለታል። በሌለበት ሰዉን በሳቅ ያንፈራፈረ ቀልድ ፊቱ ላይ ሲደገም እንዴት እንደሚጎመዝዝ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚቀለደው በኢስሃቅ ሱፍ ነበር። ሃዎ የምትባል ልጅ ሊያገባ ለራሱ ሱፍ ሰፋ፤ ሃዎ ግን ጅቡቲ ሄዳ ሌላ አገባች። የሠርጉ ቀን ለብሶት ሲጠብቃት ውሎ፣ ሱፉ ከዚያ ወዲህ እንደተሰቀለ ቀረ። “ዋሪያ ኢስሃቅ፣ ሱፍህ ቀድሞህ ያገባል!” ይሉታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል፤ እንዲያውም ከእነሱ የባሰ ይጨምርበታል።

ከዚያ ወልደጻድቅ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። እዚያ የሠራተኞች ክበብ ውስጥ ሲቀልድ አንድ የቴሌቪዥን ሰው አየውና ጠራው። ስለ ጓደኛሞች አስቂኝ ድራማ ሥራ ተባለ፤ በሳምንት አንድ ምሽት በቀጥታ የሚተላለፍ። ምን ይሥራ? የኢስሃቅን ግቢ ሠራ። ከስማቸው በቀር የለወጠው ነገር የለም። ሱፉም ሳይቀር ገባ፤ ወልደጻድቅ ራሱ ኢስሃቅን ሆኖ ተጫወተው። ክፋት አልነበረበትም፤ ናፍቀውት ነው። መብራቱ ሲበራ ሁሉም ከአጠገቡ የተቀመጡ ይመስለው እንደነበር ነግሮኛል። እነሱ ግን ድሬ ነበሩ።

ወሬውን ያመጣው ዐብዱላሂ ነው፤ ቀፊራ ገበያ ጨርቅ የሚሸጠው። ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሄዶ አንድ ሆቴል ውስጥ ድራማውን አይቶ ኖሯል። ተመልሶ ምንጣፉ ላይ ገና ሳይቀመጥ፣ “ወላሂ ኢስሃቅ፣ አዲስ አበባ በሙሉ ሱፍህን አውቆልሃል! ወልዴ አንተን ሆኖ ሲወጣ ሰዉ በሳቅ ሞተ!” አለ፤ የምሥራች የነገረው መስሎት። ኢስሃቅ አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። በማግስቱ የግቢው በር ተዘጋ። ወንዶቹም በየቤታቸው ሙቀቱን ታቅፈው መዋል ጀመሩ።

ድራማው ክረምቱ ሳይወጣ ቆመ። ለምን እንደሆነ ወልደጻድቅም አላወቀም፤ በቃ ተባለ፣ በቃ። የተቀረጸም ነገር አልነበረውም። ለዕረፍት ሲመጣ ባቡር ጣቢያ የሚጠብቁት ጓደኞቹ በሙሉ መስለውት ነበር፤ ያገኘው እኔን ብቻ ነው።

“ኢስሃቅስ?” አለኝ፣ ሻንጣውን እንደያዘ።

ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። “በሌለበት” አለ።

በዚያው ቀን ከምሳ በኋላ ተነሣ፤ እኔም ተከተልኩት። ኢስሃቅ በሩን ከፍቶ አየው።

“ልደግምልህ ነው የመጣሁት” አለ ወንድሜ።

ኢስሃቅ ተመልሶ ገባና ምንጣፉን ራሱ አነጠፈ። በሩ መከፈቱ ሲሰማ ዐብዱላሂም ሌሎቹም እየተንጠባጠቡ መጡ።

ወልደጻድቅ ከመጀመሪያው ምሽት ጀመረ። ላብ እያጠመቀው የሁሉንም ድምፅ በየተራ አወጣ። ሰዎቹ መጀመሪያ ከንፈራቸውን ነከሱ፤ ኋላ ግን አልቻሉም፣ ሳቁ። እኔና መሪያምም በረንዳው ላይ ሳቅን። ደስ ሲል፣ የድሮው ግቢ ተመለሰ አልኩ።

“ዘለልከው” አለ ኢስሃቅ ድንገት።

“ምኑን?”

“አቦ፣ ሱፉን ነዋ።”

ወልደጻድቅ ወደኔ አየ፤ እኔ ምን ላድርገው? ደረቱን ነፍቶ ቆመ፣ የሌለ ኮት ለበሰ፣ ለሌሉ እንግዶች እጅ እየነሣ ወዲያ ወዲህ ተንጎራደደ። አንድም ሰው አልሳቀም።

“እዚያ ሳቁ?” አለ ኢስሃቅ።

“ሳቁ።”

“ብዙ?”

“ብዙ።”

ኢስሃቅ ተነሣ። “እንደሱ አልነበረም የቆምኩት። ካሳየህ አይቀር በትክክል አሳይ።” ከዛፉ ሥር ቆሞ የሌለውን ኮት ቀስ ብሎ ለበሰ። ቆለፈው። አንገቱን ወደ በሩ ዘንበል አድርጎ አዳመጠ፤ ቆየ፤ ደግሞ አዳመጠ። ከዚያ ቁልፉን ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ ፈታ። ሃዎን ሲጠብቅ የዋለ ቀን እኛ ያላየነውን አሳየን። መሪያም ፊቷን ሸፈነች።

“እኔ ባለሁበት ቢሆን፣ ወልዴ፣ እኔም አብሬያችሁ እስቅ ነበር” አለው።

ወንድሜ እዚያው እንደቆመ አለቀሰ። ኢስሃቅ ተመልሶ ተቀመጠና አጠገቡ ቦታ ለቀቀለት።