ለምርመራ ሴት፣ ለቢላ ወንድ

እኛ ሴቶች ጉደኞች ነን። ለምርመራ ሲሆን «ወንድ አይንካኝ፣ ሴት አምጡልኝ» እንላለን፤ ነገሩ ቢላ ላይ ሲደርስ ደግሞ ወንድ እንፈልጋለን። ሌላውን ለምን አማለሁ፣ እኔው ራሴ እንደዚያ ነበርኩ።

የመጀመሪያ ልጄን ሳምጥ ባለቤቴ ከሰፈራችን ከኮድቡር በባጃጅ ሆስፒታል አደረሰኝ። ምጡ ጠናብኝ፤ የፅንሱም የልብ ምት እየወረደ ሄደ። አንዲት ቀጭን ወጣት ሐኪም መጥታ፣ በቶሎ በቀዶ ጥገና መውለድ እንዳለብኝ ለባለቤቴ በሶማሊኛ ነገረችውና የሚፈርምበትን ወረቀት ሰጠችው። እዚህ በሰው አገር ለሚስት የሚፈርመው ባል ነው።

እኔ በአማርኛ ጀመርኩ። «እንዳትፈርም። ይቺ እንጭጭ ናት እኔን የምትቀደኝ? ወንድ የለም ወይ? ይሄ እንሶስላ የሚሞቅ እጅ እንጂ ቢላ የሚይዝ እጅ ነው?» ክፍሉ ውስጥ አማርኛ የምንችለው እኔና እሱ ብቻ መስሎኝ አፌን አልሰበሰብኩም። ባለቤቴ እስክርቢቶውን እንደያዘ ግራ ገብቶት ቆመ።

እሷ አልተቆጣችም። ሰዓቷን አየችና «ፅንሱ እየደከመ ነው» አለችው፣ አሁንም በሶማሊኛ። በመጨረሻ ፈረመ። እኔ አለቀስኩ፤ ያለቀስኩት ግን ለልጄ ሳይሆን ለራሴ ነበር።

ልጄ፣ አልሐምዱሊላህ፣ በሰላም ተወለደች።

ከሆስፒታል ልንወጣ ስንሰናዳ ሐኪሟ መጥታ «ቁስሉን ውሃ እንዳይነካው፤ ከባድ ነገርም እንዳታነሺ» አለችኝ፣ ጥርት ባለ አማርኛ። ለካስ ያደገችውም ሕክምና የተማረችውም ኢትዮጵያ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ዶክተር፣ ያን ጊዜ ለምን ዝም አሉኝ?» አልኳት።

«ብመልስልሽ ክርክር ይነሳል። ልጅሽ ደግሞ ጊዜ አልነበራትም።»

«አፉ በሉኝ።»

«ለምጄዋለሁ» ብላ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በሳምንቱ የአገሬ ልጆች ሊጠይቁኝ መጡ። ከመካከላቸው አንዷ መውለጃዋ ደርሶ ነበር፤ እሷም በቀዶ ጥገና ትወልጃለሽ ተብላለች። አጠገቤ ተቀመጠችና «አንቺን ማን ሠራልሽ? እነዚህ ሴቶቹ እንዳይሆኑ ብቻ፣ እኔ እፈራቸዋለሁ» አለችኝ።

ባለቤቴ ከበሩ ቀና ብሎ አየኝ። ልጄ ጡቴን ይዛ ነበር። ሁሉም መልሴን ይጠብቃሉ።

«ትልቅ ሰው ነው፣ ወንድ» አልኩ።