አክስቴ በቱል ኢስፋሃንን ስትጎበኝ

አክስቴ በቱል በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ ለሽርሽር ወጣች፤ እሱም ውሸት ነበር። ለከተማችን ለፈርዶስ ሰው ሁሉ «ዘንድሮ የኖሩዝን የዘመን መለወጫ የማሳልፈው ኢስፋሃን ነው፤ ድልድዩንም አበባውንም አይቼ እመለሳለሁ» ብላ አወራች። ሰፈሩ በሙሉ «መልካም ጉብኝት» ብሎ መረቃት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! አክስቴ የምትሄደው ልጇን ብላ እንደሆነ ዳቦ ጋጋሪው ሳይቀር ያውቅ ነበር።

ያሳደገችኝ እሷ ናት። እናቴ ስትሞት አባቴ እህቱ ቤት አስቀመጠኝና ከልጇ ከነስተራን ጋር በአንድ ብርድ ልብስ አደግን። አክስቴ በየዓመቱ መኸር ሳፍሮን የሚባለውን ውድ ቅመም ትለቅም ነበር። ፀሐይ ሳይወጣ ሐምራዊውን አበባ ቀጥፋ ታመጣና ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ከየአበባው መሀል ቀዩን ክር ትነቅላለች። ጣቶቿ ብርዱ እስኪገባ ድረስ ቢጫ ሆነው ይሰነብታሉ።

የምትፈልገውን ነገር በቀጥታ ጠይቃ አታውቅም። ውሃ ሲጠማት «ዛሬስ እንዴት ይሞቃል» ትላለች፤ ከእኛ አንዳችን ተነስተን እንቀዳላታለን። ወገቧን ሲያማት «ይህ ምንጣፍ ከብዷል መሰለኝ» ትላለች፤ ምንጣፉን እናራግፍላታለን። እኛ ልጆቿ ቋንቋዋን ስለምናውቅ ኑሮው ያለ ችግር ይሄድ ነበር።

ነስተራን ኢስፋሃን ተምራ፣ እዚያው መድኃኒት ቤት ተቀጥራ፣ እዚያው በህናም የሚባል ሰው ወደደች። አባቷ አልፈለገውም። ዘሩን አላውቅም፣ አገሩን አላውቅም አለ። እሷ «አገባዋለሁ» ስትል ደግሞ ግቢው በር ላይ ቆሞ «ከዛሬ ጀምሮ ይህን ደጃፍ አትረግጪም» አላት። አክስቴ አጠገቡ ቆማ ነበር። የመከናነቢያዋን የቻዶሯን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ መሬት መሬት ታይ ነበር እንጂ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ነስተራን ሻንጣዋን አንስታ ሄደች።

አባትየው ከሞተ በኋላ ነስተራን በየኖሩዙ ስልክ ትደውላለች። «እንዴት ነሽ እማዬ፣ ደህና ነሽ፣ እኔም ደህና ነኝ።» አክስቴ «በዓሉን ቤት ብትውሉስ» ስትላት «መንገዱ ሩቅ ነው» ትላለች። በእኛ ዘንድ ደግሞ የኖሩዝ ደንብ የታወቀ ነው። ታናሽ ቀድሞ ታላቁን ይጠይቃል፣ ከዚያ ታላቅ በተራው ይመልሳል። ታላቅ ቀድሞ ከሄደ ዓለም ተገለበጠች ማለት ነው፤ ያውም የተጣላ ታላቅ!

ያን ዓመት በብርዱ ወራት መሽሃድ ከተማ ወስጄ አስመረመርኳት። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ጠርቶ ከመጪው ኖሩዝ በኋላ ለሌላ እንደማትደርስ ነገረኝ። ለእሷ አልነገርኳትም፤ ግን ፊቴን ከልጅነቴ ጀምሮ እንደ ፊደል ታነበዋለች። መኪና ውስጥ ገብተን ትንሽ እንደሄድን፣

«እስፊ» አለችኝ፣ «ነስተራንን የከበዳት መንገዱ ነው አይደል? እንግዲያስ መንገዱን እኔ ላሳጥርላት። ኢስፋሃን እሄድና እንደ ሰዉ ሁሉ መናፈሻ ውስጥ ድንኳን እተክላለሁ። ጎብኚ ነኝ። እሷ መጥታ ትጠይቀኛለች፤ እኔ ደግሞ በተራዬ ቤቷ ሄጄ እጠይቃታለሁ። ደንቡ አልፈረሰ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምንም። የልጅ ልጄ የምትተኛበትን ክፍል ላይ፣ ይበቃኛል። የሐኪሙን ነገር ግን ለነስተራን ትነግርና አልምርህም። ልትሞት ነው ብላ እንድትጠራኝ አልፈልግም።»

ተናደድኩ። አንዲት አሮጊት ልጇን ለማየት ይህን ያህል ዙሪያ ጥምጥም! ግን ማልኩላት።

ድንኳኑን ፕራይድ መኪናዬ ጣሪያ ላይ አስረን፣ እኔና ባለቤቴ ሲሚን ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሆነን በረሃውን አቋረጥን። አክስቴ በመሐረብ የቋጠረችውን የሳፍሮን ብልቃጥ ከቻዶሯ ሥር ታቅፋ ተቀምጣለች። ካለፈው መኸር ምርጡን መርጣ ያስቀመጠችው ነው።

«አክስቴ፣ ቦርሳው ውስጥ ላስቀምጥልዎ እንጂ» አለቻት ሲሚን።

«ተይው እዚሁ። ሰው ቤት ባዶ እጅ አይገባም።»

ከወንዙ ዳር ካለው መናፈሻ፣ ከነስተራን ቤት ብዙም የማይርቅ ቦታ ድንኳናችንን ተከልን። ዙሪያውን ከየአገሩ የመጣ ቤተሰብ ሰፍሮ ነበር፤ አንዱ ሥጋ ይጠብሳል፣ አንዱ ኳስ ይጫወታል። ለነስተራን ደወልኩ።

«እናትሽ ኢስፋሃን መጥታለች።»

«ምን ልታደርግ?»

«ለጉብኝት።»

«ለጉብኝት» አለች እሷም። «እሺ፣ እመጣለሁ።» መቼ እንደሆነ ግን አልተናገረችም።

ስለዚህ እየጠበቅን መጎብኘት ጀመርን። ጸደይ ከተማዋን አሳምሯት ነበር፣ ይህን መካድ አልችልም። በየመንገዱ ዳር ቱሊፕ ቀይና ቢጫ ሆኖ ተደርድሯል፤ የአርጋቫን ዛፎች ገና ቅጠል ሳያወጡ እስከ ግንዳቸው ድረስ ሐምራዊ አበባ ለብሰዋል። ታላቁ አደባባይ ላይ የፈረስ ጋሪው ይዞራል፣ ሕዝቡ ሣሩ ላይ ምንጣፉን ዘርግቶ ሻይ ይጠጣል።

«አክስቴ፣ የመስጊዱን ጉልላት ይዩት እንጂ!» ትላታለች ሲሚን።

«አየሁት። ሰማያዊ ነው» ትላለች አክስቴ፤ ዓይኗ ግን ሕፃን በእጇ የያዘች ሴት ባለፈች ቁጥር ከኋላዋ ይሄዳል።

ከሁሉ የጓጓንለት ወንዝ ግን በቦታው አልነበረም። የኻጁ ድልድይ አለ፣ በቅስቶቹ ሥር ሽማግሌዎች ተሰብስበው ያንጎራጉራሉ፤ ውሃው ግን የለም። ከላይ በግድብ ከዘጉት ቆይቷል። የወንዙ ሆድ እንደ ገበሬ ተረከዝ ተሰነጣጥቆ ሰው በጫማ ይሻገረዋል። ስዋን በሚባል የውሃ ወፍ ቅርጽ የተሠሩት ነጫጭ ጀልባዎች ደረቁ ጭቃ ላይ ቀርተው ልጆች ገብተው ፔዳላቸውን በከንቱ ያሽከረክራሉ። አክስቴ ደከማትና አንዱ ጀልባ ውስጥ ገብታ ቁጭ አለች።

«ያዛት፣ ሳትሰጥም!» አለች ሲሚን። ከመጣን ጀምሮ ሦስታችንም አብረን የሳቅነው ያኔ ብቻ ነው።

ከጀልባዎቹ አጠገብ አንድ ኢስፋሃናዊ ሽማግሌ ጥላ ሥር ተቀምጧል። «ለበዓሉ ውሃ ይለቃሉ ተብሏል» አለን።

«መቼ?» አለችው አክስቴ።

«እንግዲህ ይለቃሉ።»

«ማን ነው ያለው?»

«ሰው ነዋ! አምናም ብሎ ነበር።»

የበዓሉ ሁለት ሳምንት ሊጋመስ ሲል፣ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ነስተራን ባሏንና ልጇን ይዛ መጣች። አክስቴ ከሩቅ አየቻትና እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፤ እጇ ላይ ግን ምንም አልነበረም። ተሳሳሙ።

«እማዬ፣ ከስተሻል።»

«አንቺ ግን ወፈር ብለሻል፣ ተመስገን።»

ትንሿ ሬሃነ ከአባቷ እግር ኋላ ሆና «ደህና ዋሉ ወይዘሮ» አለች። በህናም ፊቱ ቀላ። «አያትሽ ናቸው እኮ» አላት። ልጅቷ አክስቴ ዘቢብ እስክታስጨብጣት ድረስ አልቀረበችም። ምንጣፉ ላይ ተቀምጠን ሻይ ጠጣን፤ ስለ መንገዱና ስለ ብርዱ አወራን። ስለ አባትየው ማንም ቃል አልተናገረም። ነገሩ ሁሉ መልካም ይመስል ነበር።

«በሉ ተነሱ፣ ቤት እንሂድ» አለች ነስተራን። «ምሳ አለ።»

«አይ የኔ ልጅ፣ ለምን ትቸገሪያለሽ» አለች አክስቴ። «እዚህም አየሩ ጥሩ ነው።»

በእኛ አገር የመጀመሪያው «አይ» ሰላምታ ነው፣ ሁለተኛው ጨዋነት። እምቢታው የእውነት መሆኑ የሚታወቀው በሦስተኛው ነው። ይህን ጡት ያልጣለ ሕፃን ያውቀዋል። ኢስፋሃን ላይ ግን እንግዳ የሚቀበሉት «ምሳ በልታችሁ ነው አይደል የመጣችሁት?» ብለው ነው እያልን እንቀልዳለን። ሲሚን በክርኗ ጎሸመችኝ።

«ምን ችግር አለው? ሩዙን ዘፍዝፌ ነው የመጣሁት።»

«በአባትሽ ነፍስ ይዤሻለሁ፣ አትድከሚ። እኛ ዳቦና አይብ አለን።»

አባባሉ የአፍ ልማድ ነው። እንግዳ ለሆነችበት ቤት ሁሉ የምትለው፣ ሺህ ጊዜ ያልነው ቃል ነው። ነስተራን ግን ፊቷ ሲጠቁር አየሁት። አባቷ ያልፈቀደው ቤት ውስጥ አልገባም የተባለች መሰላት።

በህናም ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ግን ያለ ቦታው ገባ። «እናታችን ደክሟቸዋል፣ አታስጨንቂያቸው። ሌላ ቀን ይመጣሉ።»

«እኔ እንኳን ርቦኛል!» አልኩ እየሳቅኩ። ማንም አልሰማኝም። ነስተራን የምታየው እናቷን ብቻ ነበር፤ እናትየዋ ደግሞ ምንጣፉን ታያለች። እኔ ከተቀመጥኩበት የአክስቴ ቀኝ እጅ ይታየኛል። ጫማዋን ከምንጣፉ ጫፍ ፈልጋ አግኝታ፣ አፍንጫውን ወደ መንገዱ አዙራ ይዛዋለች። ሦስተኛዋን ግብዣ እየጠበቀች ነበር።

«እንደፈለግሽ፣ እማዬ» አለች ነስተራን።

ሄዱ። አክስቴ ጫማውን ለቀቀችው። የሳፍሮኑን ብልቃጥ ከቻዶሯ ሥር ሳታወጣው ቀረች፤ ቤት ሲገባ የሚሰጥ ስለነበረ።

«ትመለሳለች» አለችን። ከዚያ በኋላ ጉብኝት የሚባል ነገር ቀረ። ደህናዋን ቀሚስ ለብሳ ከድንኳኑ ደጅ ትውላለች። ነስተራን አልመጣችም። በመጨረሻ አላስችል ቢለኝ ደወልኩላትና «ሦስተኛ ብትያት ኖሮ ትነሳ ነበር፣ ጫማዋን ይዛ ነበር እኮ» አልኳት።

«ስማኝ እስፊ» አለች። «አባቴ በር ሲዘጋብኝ ያቺ ሴት አጠገቡ ቆማ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ቃል ስጠብቅ ኖርኩ። አሁንም መጥታ ‹ለጉብኝት ነው›፣ ‹አየሩ ጥሩ ነው› ትለኛለች። አንድ ጊዜ ‹ልጄ፣ ቤትሽን ልይ› ትበለኝ። በሩ ክፍት ነው። እኔ ግን ዳግመኛ ደጅ አልጠናም።»

ሁሉንም ለአክስቴ ነገርኳት፤ «ያቺ ሴት» የሚለውን ብቻ «እናቴ» ብዬ ለወጥኩት።

«እውነቷን ነው» አለች።

«እንግዲያስ ልደውልና በይያት!»

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት። አልችልም እስፊ። አፌ እምቢ ይለኛል።»

«አንዲት ቃል እኮ ናት!» ጮህኩባት። የጎረቤት ድንኳን ሰዎች ዞረው አዩን። «ሐኪሙ ያለውን ታውቂያለሽ አይደል?»

«እሱንም አውቃለሁ፣ ቃሏንም አውቃታለሁ» አለች፣ ሳትቆጣ። «ድንኳኑን ንቀለው።»

ከከተማው ስንወጣ «ቤቷ በየት በኩል ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህ በእሷ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ልጇ መሆን አይጠይቅም፤ እኔ ግን ልጇ ነኝና አዞርኩት። መንገዱን ተሻግሬ ትይዩ አቆምኩ። ፎቁ ላይ መስኮቱ አጠገብ የበዓሉ የስንዴ ቡቃያ በሳህን ተቀምጧል፤ በሚቀጥለው መስኮት መስተዋት ላይ ልጅ የሣለችው ሥዕል ተለጥፏል።

«የልጅቷ ክፍል ያ ይሆን?»

«ይመስላል።»

አንገቷን አስግጋ ለረጅም ጊዜ አየች። «መጋረጃው ሰማያዊ ነው» አለች።

«ልውረድና ደወሉን ልጫን። በሞቴ፣ አክስቴ!»

«ተው። ጎብኚ ከውጭ አይቶ ነው የሚመለሰው። ንዳ።»

ነዳሁ። ብጫነው ኖሮ ይሆን ነበር ወይ እያልኩ እስካሁን አስባለሁ፤ የሚሆን አይመስለኝም። እነዚያ ሁለት ሴቶች አንድ ዓይነት አፍ ነበራቸው።

አክስቴ ሳፍሮኑ ሳያብብ ሞተች። ነስተራን ያን ደጃፍ ዳግም የረገጠችው ለቀብር ነው። ሲሚን ለለቅሶ የሚታደለውን ሐልዋ የሚባል ጣፋጭ ስትሠራ ሳፍሮን አጥታ ሣጥኑን ብትከፍት፣ ብልቃጡን በዚያው መሐረብ እንደተቋጠረ አገኘችው። ሙሉውን ጨመረችው፤ ሐልዋው እንደ ጡብ ቀላ።

ነስተራን አንድ ጊዜ ጎረሰችና ማንኪያውን አስቀመጠች። «ይሄ የእማዬ ሳፍሮን ነው። ለሰው ሁሉ ስትሰጥ ኖራ ለእኔ ሳትልክልኝ ቀረች።»

«ኢስፋሃን ይዛልሽ መጥታ ነበር» አልኳት። «ቤት ስትገባ ልትሰጥሽ።»

ማንኪያውን መልሳ አነሳች። ሳህኗ ባዶ ሲሆን ሲሚን «ትንሽ ልጨምርልሽ?» አለቻት።

«አይ፣ አትቸገሪ።»

«ኧረ ትንሽ።»

«በቃኝ፣ አመሰግናለሁ።»

ሲሚን ሦስተኛ ስትላት ሳህኗን ዘረጋች።